ውሃ መጣች! ግን ትጠጣለች?

ሰላም ናችሁ ወዳጆች። ባለፈው እትም እዚሁ አምድ ላይ ስለ ጀሪካን አጠባ ሁለት መስመር ብጽፍ የጥያቄ መአት ወረደብኝ፣ ቴሌግራሙም ሞላ። አብዛኛው ከዳር ዳሩ ሰፈር ነው የመጣው፣ ከኮዬ፣ ከጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቡራዩ። አይገርመኝም። እኔም የካ አባዶ ነው የምኖረው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰአት "ውሃ መጣች!" ተብሎ በር ሲንኳኳ በፒጃማ ባልዲ ይዤ የምሮጥ ሰው ነኝ። ስራዬ ደሞ ላብራቶሪ ውስጥ የውሃ ናሙና መመርመር ነበር፣ ስለዚ የማውቀውን ልንገራችሁ፣ ሐኪም ግን አይደለሁም፣ እሱን ከአሁኑ ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ ውሃ በፈረቃ ነው። ሶስት አራት ቀን ጠፍታ ስትመጣ መጀመሪያ ቧንቧው ፉፉፉ ብሎ ይተነፍሳል፣ ከዛ ሻይ የመሰለ ነገር ይወርዳል፣ ከዛ እየጠራ ይሄዳል። መንታ ልጆች አሉኝ ሁለት አመት ሊሞላቸው ነው፣ አፍልቼ ነው የምሰጣቸው። ባለቤቴ ግን "አንቺ ደሞ ታበዢዋለሽ፣ ግድቡ ጋ ተጣርቶ ክሎሪን ገብቶበት ነው የሚመጣው" ይለኛል። ማናችን ነን ልክ?
የመንታዎቹ እናት፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ አንቺ ግን ትንሽ ትበልጫለሽ። ባልሽ ያለው እውነት ነው፣ የአዲስ አበባ ውሃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ አካባቢ ከሚወጡ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው በአብዛኛው የሚመጣው፣ የግድቡ ውሃ ደሞ እንዲሁ አይለቀቅም። በተለይ የለገዳዲ ውሃ በክረምት አይተሽው ከሆነ ወተት የበዛበት ቡና ነው የሚመስለው፣ ሸክላ አፈሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ለብቻው ሺህ ጊዜ ቢቀመጥ አይዘቅጥም። ስለዚ አልሙኒየም ሰልፌት ይጨመርበታል፣ ደቃቁ አፈር እርስ በርሱ ተያይዞ ይከብድና ይወርዳል፣ የቀረው በአሸዋ ይጣራል፣ መጨረሻ ላይ ክሎሪን ይገባበታል። ከማጣሪያው በር ላይ የሚወጣውን ውሃ እኔ ያለምንም ሀሳብ እጠጣዋለሁ።

ነገሩ ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። መስመሩ ውስጥ ውሃ እየገፋ ባለበት ሰአት ቱቦው ቀዳዳ እንኳ ቢኖረው ውሃው ወደ ውጪ ነው የሚፈሰው፣ ቆሻሻ መግቢያ አያገኝም። ውሃ ስትቋረጥ ግን ቱቦው ባዶ ይሆናል፣ ቁልቁል ያለው ሰፈር የተረፈውን ይስበዋል፣ ያኔ ያው ቀዳዳ ወደ ውስጥ መምጠጥ ይጀምራል። ምን ይመጥጣል? ዙሪያው ያለውን። አንዳንድ ቦታ የውሃ ቱቦና የፍሳሽ ቱቦ አንድ ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የተኙት፣ መንገድ በተቆፈረ ቁጥር ደሞ አንዱ ይነካል። ያ ፉፉ የሚለው ትንፋሽ ቱቦው ባዶ እንደነበር ነው የሚነግርሽ። ሻይ የመሰለው ቀለም አብዛኛው ዝገትና ቱቦው ግድግዳ ላይ የከረመ ዝቃጭ ነው፣ እሱ ራሱ ብዙም አይገድልም፣ ግን ዝቃጭ ባለበት ክሎሪን ስራውን አይሰራም፣ ቆሻሻው ይበላዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ቧንቧ ጫፍ ላይ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን ይኑር የሚለው ለዚ ነው፣ መንገድ ላይ ለሚገባው ጠባቂ እንዲሆን። የኔ አፍንጫ እንደሚያውቀው ውሃ ስትመጣ ትንሽ የበረኪና ሽታ ካላት ደስ ይለኛል፣ ሰው ግን በተቃራኒው "ሸተተኝ" ብሎ ይደፋታል።

እንግዲህ የምታደርጊው፣ የመጀመሪያውን ድፍርስ አታጠራቅሚ፣ ለሽንት ቤትና ለወለል አድርጊው። ከጠራ በኋላ የሚጠጣውን ለብቻው በንጹህ ጀሪካን ያዢ። አሁንም ደፍረስ ካለ ያሳድሪውና ከላይ ከላዩን አራት እጥፍ ባለ ንጹህ ነጠላ አሳልፊው። ከዛ ወይ አፍዪው ወይ ክሎሪን አድርጊበት። ማፍላት ስልሽ ደሞ እዚህ ከተማ ከፍታችን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ 100 አይደርስም። ጀርም ለመግደል ይሄም ይበቃል፣ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ ሰው እየተንተከተከ 3 ደቂቃ እንዲያቆየው ነው የሚመከረው። ሀያ ደቂቃ የምታፈሉ ሰዎች አላችሁ፣ ጋዙን ነው የምትጨርሱት። ክሎሪን ከሆነ ውሃ አጋርም ይሁን ሌላ፣ እቃው ላይ የተጻፈውን መጠን አድርገሽ 30 ደቂቃ ጠብቂ፣ ቶሎ አትቅጂ። ካጣሽ ሽቶና ቀለም ያልተጨመረበት፣ 5 ፐርሰንት የተጻፈበት በረኪና በሊትር 2 ጠብታ ነው፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በሃይላንድ ላስቲክ ተሞልቶ ሱቅ በር ላይ የሚሸጠውን ስም የለሽ በረኪና ግን አደራ እንዳትነኪው፣ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ የሞላውም ሰውዬ አያውቅ።

ባልሽን ደሞ እንዲህ በዪው፦ "ከግድቡ እኛ ቤት ድረስ ስንት ኪሎሜትር ነው?"

ጥያቄ፦ የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ጣሪያ ላይ ሮቶዎች አሉ፣ ከተገጠሙ ጀምሮ ታጥበው አያውቁም መሰለኝ። ነዋሪው "ውሃው የሳር ሽታ አለው" ይላል። ለማሳጠብ ስንነሳ ደሞ ግማሹ "በዚ የውሃ ችግር ሁለት ሺህ ሊትር ልትደፉ ነው ወይ" ብሎ ተነሳብን። ምን ይሻላል?
ከጣፎ

መልስ፦ ወንድሜ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። መጀመሪያ ጉዴን ላውራ። እኔ የውሃ ባለሙያ ነኝ ብዬ ሰፈሩን ሁሉ የማስተምር ሰውዬ የራሴን ሮቶ ክዳን ነሐሴ ላይ ንፋስ ወሰደብኝ፣ ለጊዜው ብዬ ቆርቆሮ ጥዬ ድንጋይ ጫንኩበት። ያ "ለጊዜው" እስከ የካቲት ቆየ። አንድ ቀን ውሃው ቀጥኖ ሲወርድ ምን ዘጋው ብዬ ብወጣ ቆርቆሮው ተንሸራቷል፣ ውስጡ ላባ፣ ቅጠል፣ ግድግዳው አረንጓዴ ለምጽ የያዘው ይመስላል። ርግቦቹ ገላቸውን ሲታጠቡበት የከረሙትን ውሃ ነው ቡና አፍልቼ እንግዳ የጋበዝኩበት! ለሚስቴ እስካሁን አልነገርኳትም፣ ይሄን መጽሔት ካላነበበች ደህና ነኝ።

የሳር ሽታው አልጌ ነው። ብርሃን ካላገኘ አያድግም፣ ስለዚ ወይ ክዳን አልገጠመም ወይ ታንከሩ ብርሃን ያሳልፋል። ከዛ በተጨማሪ ጸሀይ ላይ የከረመ ውሃ ክሎሪኑ ይበናል፣ ከስር ሁለት ጣት ዝቃጭ ይተኛል፣ ውሃ በገባች ቁጥር ዝቃጩ ይነሳል። የታወቀው አጠባ እንዲህ ነው፣ ታንከሩን ሞልቶ ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር 5 ፐርሰንት በረኪና መጨመር፣ የየቤቱን ቧንቧ ሽታው እስኪመጣ ከፍቶ መዝጋት፣ ማሳደር፣ ከዛ ሁሉንም መልቀቅ። ነዋሪው የተነሳባችሁ ግን አላጠፋም፣ እኛ ሰፈር ሁለት ሺህ ሊትር መድፋት ማለት ጸብ መጥራት ነው።

ስለዚ በትንሽ ውሃ የሚሰራውን አድርጉ። ፈረቃችሁ ሊደርስ ሲል፣ ታንከሩ ሊያልቅ ሲቃረብ ጠብቁ። የተረፈውን አውጥታችሁ ለጽዳት አድሉት። በረጅም እጀታ ብሩሽ ግድግዳውንና ስሩን ፈትጉ፣ ሳሙና አያስፈልግም፣ ዝቃጩን በታችኛው መልቀቂያ አውጡ። ከዛ 20 ሊትር ውሃ ላይ አንድ የቡና ስኒ በረኪና ጨምሩና በዛ ግድግዳውን ሁሉ ቀቡት፣ 30 ደቂቃ እርጥብ እንደሆነ ይቆይ፣ በመጨረሻ በጥቂት ንጹህ ውሃ አለቅልቁ። በቃ፣ ሁለት ሶስት ጀሪካን ውሃ ነው የሚፈጀው። በአመት ሁለቴ ብታደርጉት፣ አንዱን ከክረምት በኋላ፣ በጣም ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፣ ልጅ አስገብታችሁ ከላይ እንዳትዘጉበት። የክሎሪን ጭስ ጠባብ ቦታ ውስጥ ሰው ያፍናል፣ ከቻላችሁ ከውጪ በረጅም እንጨት ስሩት፣ ሰው መግባት ካለበት በረኪናው ሳይገባ ነው የሚፈትገው፣ ሌላ ሰው የታንከሩ አፍ ላይ ቆሞ እያወራው። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር መቀላቀልማ ጨርሶ አይታሰብም፣ መርዝ ጋዝ ነው የሚወጣው። ከታጠበ በኋላ ክዳኑን በሽቦ እሰሩት፣ የሞላ ሲፈስ የሚወጣበትን ቱቦ አፍ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት፣ ወፍም ትንኝም እንዳይገባ።

ደሞ ሳልረሳው፣ እዛው ብሎካችሁ ውስጥ ከዋናው መስመር ላይ ፓምፕ ገጥሞ የሚስብ ሰው አለ አይደል? አለ፣ የሌለበት ብሎክ የለም። ያ ሰውዬ ውሃ ብቻ አይደለም የሚስበው፣ ቅድም ለመንታዎቹ እናት እንዳልኳት በየቀዳዳው ዙሪያ ያለውንም ነው፣ ለራሱም ለናንተም። ስብሰባ ላይ ይነሳ።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ቡራዩ በግቢዬ ውስጥ በእጅ የተቆፈረ 12 ሜትር ጉድጓድ አለኝ፣ ውሃው መስታወት ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ጣፋጭ ነው። ልጄ ከውጪ መጥታ "አባዬ አትጠጣው" ብላ ታስጨንቀኛለች። ስንት አመት ጠጥቼው ምንም አልሆንኩም።

መልስ፦ አባቴ ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎ ብትቆጣም ከፍቅር ነው። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፣ ሽንት ቤትዎ ከጉድጓዱ ስንት ሜትር ይርቃል? የጎረቤትዎስ? ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅና ሽንት ቤቱ በታች በኩል እንዲሆን ነው የሚመከረው፣ አሁን ግቢው ሁሉ ተሸንሽኖ በየአጥሩ ስር ጉድጓድ በተቆፈረበት ዘመን 30 ሜትር ማግኘት ከባድ ነው። መስታወት መምሰሉ አያሳምንዎት፣ ጀርም በአይን አይታይም፣ ናይትሬትም ቀለም የለውም። እርስዎ ከውሃው ጋር ለምደው ይሆናል፣ የልጅ ልጅዎ ግን ሊጠይቅዎት ሲመጣ አልለመደም። ናይትሬት ደሞ ከሽንት ቤት ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርግ ነገር ነው፣ በሊትር ከ50 ሚሊግራም ካለፈ በተለይ ስድስት ወር ያልሞላው የጣሳ ወተት የሚጠጣ ህጻን ላይ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ይሄ ሲፈላ አይጠፋም፣ ውሃው ስለሚተን እንደውም ይበዛል። ስለዚ ለአራስ ቤት ከዛ ጉድጓድ አይቀዳ።

ለእርስዎ ግን አፍልተው ቢጠጡ፣ የጉድጓዱን አፍ በሲሚንቶ ከፍ አድርገው ክዳን ቢያደርጉበት፣ ገመዱና ባልዲው መሬት ባይነካ ጥሩ ነው። ክረምት ላይ በጣም ይጠንቀቁ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባ የገባ ጊዜ ያስታውሳሉ አይደል፣ ዝናቡ ነው ከላይ ያለውን ሁሉ ወደታች የሚያጥበው።

ጥያቄ፦ ሁለት ወጣቶች ቤታችን መጥተው የኛን የቧንቧ ውሃና የነሱን ማጣሪያ ውሃ በሁለት ብርጭቆ አድርገው ኤሌክትሪክ የሚሰካ ሁለት ሁለት ዘንግ ያለው ነገር ከተቱበት። የኛ ውሃ በአንድ ደቂቃ ቡናማ ጭቃ ሆነ፣ አረፋ ወጣው! የነሱ ምንም አልሆነም። እናቴ አለቀሰች። ማጣሪያው ደሞ በጣም ውድ ነው፣ ግማሹን ከፍለናል።
ከሰሚት

መልስ፦ እህቴ ተሸውዳችኋል። ጭቃው ከውሃው አይደለም የወጣው፣ ከዘንጉ ነው። አንደኛው ዘንግ ብረት ነው፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሟሟና ዝገት ይሆናል። ኤሌክትሪክ እንዲያልፍ ደሞ ውሃው ውስጥ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም ምናምን ማእድን መኖር አለበት፣ የኛ ቧንቧ ውስጥ አለ፣ በነሱ ማጣሪያ ያለፈው ውሃ ማእድኑ ስለወጣ ኤሌክትሪኩ አያልፍም፣ ዘንጉም አይዝግም። ቀሪውን ገንዘብ ሊቀበሉ ሲመጡ እነሱ "ንጹህ" ያሉት ብርጭቆ ውስጥ ቁንጥር ጨው ጣይበትና ድገሙት በያቸው፣ ፊታቸውን እይው። ወይም አምቦ ውሃ ግዢና ሰክተው ያሳዩሽ፣ በዚ ፈተና ከአዲስ አበባ ቧንቧ ሁሉ ቆሻሻው አምቦ ነው የሚሆነው፣ ማእድን ስለሞላበት።

ቁጥር የሚያሳይ እንደ እስክሪብቶ ያለች መሳሪያም ይዘው ይዞራሉ። እሷም የሟሟ ጨው ነው የምትቆጥረው፣ ጀርም አታይም። ኮሌራ ያለበት ውሃ ላይ ትንሽ ቁጥር ልታሳይ ትችላለች። ማጣሪያ ሁሉ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም፣ ጥሩ የሸክላ ሻማ (ውሃው ሰርጎ የሚያልፍበት ሻማ የመሰለ ሸክላ) ያለው ማጣሪያ በየጊዜው ከታጠበ ድፍርሱንም ጀርሙንም ይቀንሳል። ሳይታጠብና ሳይቀየር የከረመ ማጣሪያ ግን የጀርም ማደሪያ ነው፣ ከሱስ ጭራሽ ማጣሪያ የሌለው ቤት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተባልኩ፣ በአመት ሶስተኛዬ ነው፣ ውሃው ነው አይደል?
የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከቂሊንጦ

መልስ፦ ታይፈስ ከውሃ ጋር አይገናኝም፣ በቅማልና በቁንጫ ነው የሚተላለፈው፣ ስማቸው ስለተመሳሰለ ነው እንደ መንትያ አብረው የሚጠሩት። ታይፎይድ ከውሃም ከምግብም ይመጣል። ግን ሶስቴም በዛች ዊዳል በምትባል ፈጣን የደም ምርመራ ከሆነ የተነገረህ ተጠራጠር፣ ድሮ ይዞህ የነበረውን ወይ ሌላ ኢንፌክሽን ቆጥራ "አለብህ" ልትል ትችላለች። ከልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ራሱን አሳድጎ የሚያይ ምርመራ፣ የሚሰራበት ቦታ ሂድ፣ አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ በራስህ አትግዛ። ደሞ ውሃውን ብቻ አትክሰስ፣ ያ ከፍርፍር ጋር የምትበላው ጥሬ ሰላጣስ? በአቃቂ ወንዝ ዳር ዳር የሚበቅለውን አትክልት በምን ውሃ እንደሚያጠጡት ሄደህ እይ፣ ሽታው ይነግርሃል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ውሃው መድሃኒት መድሃኒት ሲል ሊጡ እምቢ ይለኛል፣ እንጀራዬ አይን አያወጣም። ድሮ እንስራችንን በወይራ አጥነን ነበር የምንጠጣው፣ መድሃኒትም አያስፈልገን።
እማማ፣ ከሃና ማርያም

መልስ፦ እማማዬ፣ እርሾውም እኮ ጀርም ነው፣ ደጉ ጀርም፣ ክሎሪን ደግና ክፉ አይለይም። ለሊጥ የሚሆነውን ውሃ አፉ ሰፊ በሆነ ድስት ቀድተው ስስ ጨርቅ አልብሰው ያሳድሩት፣ ሽታው ይበናል። የአብሲቱ ስለሚፈላ ችግር የለውም። ብርዱም ግን ሊጥ ያዘገያል፣ ሁሉን በውሃ አያላኩ! የወይራ ጭሱ ጣእም ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ጀርም ገደለ ብለው እንዳይተማመኑበት።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ መንገድ ዳር ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ውሃ ከጋሪ ነው የምገዛው፣ ከየት እንደሚቀዱት አላውቅም። ቡናው ስለሚፈላ ችግር የለውም ብዬ ነው፣ ልክ ነኝ? ስኒዎቹን በባልዲ ነው የማጥበው።

መልስ፦ የኔ እህት፣ የዛሬው ምርጥ ጥያቄ ያንቺ ነው። ቡናውስ ልክ ነሽ፣ ጀበና ውስጥ ያለፈ ጀርም የለም። ስኒው ነው የሚያሰጋኝ። ጠዋት የሞላሽው ባልዲ እስከ ቀትር ስንት አፍ ይነካዋል? አንዱ ደንበኛ የተወውን ለሌላው ታስተላልፊያለሽ ማለት ነው፣ ያውም በሞቀ ቡና ስር።

ሁለት ባልዲ ያዢ። አንዱ በሳሙና መታጠቢያ፣ እሱን ቶሎ ቶሎ ቀይሪው። ሁለተኛው 5 ሊትር ያህል ንጹህ ውሃ ሆኖ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና ይግባበት፣ ስኒው በሳሙና ታጥቦ ከተለቀለቀ በኋላ እዛ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ይቆይ። ግማሽ ቀን ላይ ቀይሪው፣ ፀሀይ ላይም አታስቀምጪው። ለደንበኛ የምትሰጪውን የሚጠጣ ውሃ ጀሪካኑ ውስጥ ጠዋት ክሎሪን አድርጊበትና በጀሪካኑ አፍ ብቻ ቅጂ፣ ጆግ ከላይ እየነከርሽ አይደለም። ጀሪካኑን በሳምንት አንዴ ጠጠርና ትንሽ ውሃ ከትተሽ ነቅንቂው፣ ውስጡ የያዘው አረንጓዴ ይለቃል። ድሮ ምን ተይዞበት እንደነበር የማታውቂው ቀለም ወይ መድሃኒት የሸተተ ጀሪካን ከሆነ ግን ለውሃ አይሆንም። ስኒዎቹንም በዛች ሁሉን በምትጠርግ ፎጣ አትጥረጊያቸው፣ ገልብጠሻቸው ረከቦቱ ላይ ራሳቸው ይድረቁ።